«ጨጓራ ነው» ከማለታችን በፊት

በአገራችን ከሚነገሩ የበሽታ ስሞች ሁሉ እንደ «ጨጓራ» ብዙ ነገር የተሸከመ ያለ አይመስለኝም። የአካሉም ስም ነው፤ የበሽታውም ስም ነው። ሳይበላ የዋለ ሰው «ጨጓራዬ ተነሳ» ይላል፤ በርበሬ የበዛበት ወጥ የበላም እንደዚያው። የተናደደ ሰውማ «ጨጓራዬን ላጠው» ብሎ ነገሩን ከምግብም ያወጣዋል። መፍትሔውም ከስሙ ጋር አብሮ የተዘጋጀ ነው፤ ቤት ውስጥ ተልባና ቀዝቃዛ ወተት፣ ከመድኃኒት ቤት ደግሞ ኦሜፕራዞል። አብዛኛውን ጊዜም ሰውየው ይሻለዋል። ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። አብዛኛው ሰው ስለሚሻለው፣ የማይሻለውን ለይቶ ለማየት ዓይናችን ይለግማል።

በዚህች አጭር ጽሑፍ ላነሳ የፈለግሁት በክፍል ውስጥ ብዙም ያልቆምንበትን ጉዳይ ነው። ይኸውም የጨጓራ ግድግዳ ራሱ በባክቴሪያ አመርቅዞ መግል የሚይዝበት፣ ቶሎ ካልተደረሰበትም ሰው የሚገድል፣ እምብዛም የማይገኝ በሽታ ነው። ይህን ልጽፍ መሆኑን የሰሙ የክፍል ጓደኞቼ «ወባው፣ ቲቢው፣ የሳንባ ምቹ እያለ፣ በሕይወታችን ስለማናየው በሽታ ምን አስጻፈሽ?» ብለውኛል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሴም ይኸው ነው፦ ይህን በሽታ ማወቅ ያለብን እናገኘዋለን ብለን ብቻ አይደለም። ወደ እሱ የሚመሩን ምልክቶች «ጨጓራ» በሚለው ስም ተሸፍነው የሚያልፉ ሌሎች ገዳይ በሽታዎችንም ስለሚያጋልጡልን ነው።

ጨጓራ እንዴት ይጠበቃል?

እንደሚታወቀው ጨጓራ ለባክቴሪያ የሚመች ሰፈር አይደለም። የአሲዱ ፒኤች ከ4 በታች ሲሆን፣ ከምግብና ከውሃ ጋር ከሚገቡት ባክቴሪያዎች አብዛኞቹ በደቂቃዎች ውስጥ ይሞታሉ። ከአሲዱ ሌላ የውስጥ ገጹን የሚሸፍን ዝልግልግ ልባስ አለ። ከልባሱ ስር ያሉት ሴሎች በጥቂት ቀናት ውስጥ በአዲስ ይተካሉ። በቂ ደምም ይደርሰዋል። አበው «ሆድ ይፍጀው» ያሉት ስለ ምሥጢር ቢሆንም፣ ለባክቴሪያም ይሠራል ማለት ይቻላል።

ከዚህ ሁሉ ጥበቃ ያመለጠ አንድ ታዋቂ ባክቴሪያ አለ፤ ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ ይባላል። አውስትራሊያውያኑ ሮቢን ዋረንና ባሪ ማርሻል እ.ኤ.አ. በ1982 ከሕሙማን ጨጓራ አሳድገው ያገኙት፣ በ2005ም የኖቤል ሽልማት የተቀበሉበት ነው። ዩሪየዝ በተባለው ኢንዛይም አሞኒያ እያመረተ በዙሪያው ያለውን አሲድ ያበርዳል፤ በዝልግልጉ ልባስ ውስጥ ተሸሽጎም ለዓመታት ይኖራል። በአገራችን የተደረጉ ጥናቶች ሲጠቃለሉ ከተመረመሩት ሰዎች ግማሽ ያህሉ ላይ ተገኝቷል። ሕመምተኛው «የጨጓራ ባክቴሪያ ተገኘብኝ» ሲለን የሚያወራው ስለዚሁ ነው።

ይሁንና ይህ ባክቴሪያ በአብዛኛው ከላይ ከላይ የሚኖር፣ ጉዳቱንም በዓመታት ውስጥ በቁስለት፣ አልፎ አልፎም በካንሰር መልክ የሚያሳይ ነው። እኔ የምናገርለት ግን ዓመት አይጠብቅም። ሥራውን የሚጨርሰው በቀናት፣ አንዳንዴም በሰዓታት ውስጥ ነው። ሁለቱንም «የጨጓራ ባክቴሪያ» ብሎ በአንድ ስም መጥራት ይቻላል፤ በአንድ ዓይን ማየት ግን አይቻልም።

መግል የሚቋጥረው ጨጓራ

በአናቶሚ እንደተማርነው የጨጓራ ግድግዳ አራት ንብርብር አለው፤ ሙኮሳ፣ ሰብሙኮሳ፣ የጡንቻው ክፍልና ከውጭ የሚሸፍነው ሴሮሳ። ፍሌግሞነስ ጋስትራይቲስ በሚባለው በሽታ ባክቴሪያው ሙኮሳውን አልፎ ሰብሙኮሳ ውስጥ ይገባል። ይህ ክፍል የላላና የደም ሥር የሚበዛበት በመሆኑ፣ አንዴ ከገባ በኋላ ከምንጣፍ ስር እንደፈሰሰ ውሃ ይዛመታል። ግድግዳው ያብጣል፣ ይወፍራል፣ መግል ይይዛል። አንዳንዴ በአንድ ቦታ ይወሰናል፤ አንዳንዴ ደግሞ ጨጓራውን በሙሉ ያዳርሳል።

ዋናው ጥፋተኛ ማን ነው ቢሉ፣ ሩቅ አገር ያለ እንግዳ ፍጥረት አይደለም። በብዛት የተገኘው ስትሬፕቶኮከስ ፓዮጂነስ ነው። ይኸው በየቀኑ የምናወራለት፣ ቶንሲል የሚያስይዘው፣ ሲደጋገምም የልጆቻችንን የልብ በር የሚያበላሸው ባክቴሪያ! እስከ ዛሬም ፔኒሲሊን ይገድለዋል። ከእሱ ሌላ ስታፊሎኮከስ፣ ኢ. ኮላይ፣ ክሌብሲየላና ሌሎችም ተገኝተዋል።

መግቢያ መንገዱ ሦስት ነው። አንደኛው በቆሰለ ሙኮሳ በኩል ነው፤ ለምሳሌ በቁስለት፣ በካንሰር፣ በተዋጠ ስለታም ነገር ወይም ኬሚካል ምክንያት። ሁለተኛው ሌላ ቦታ ካለ ኢንፌክሽን በደም ተጉዞ ነው። ሦስተኛው ከጎረቤት አካል፣ ለምሳሌ ካመረቀዘ የሐሞት ከረጢት፣ ተሻግሮ ነው። አልኮል የሚያዘወትር፣ ስኳር ያለበት፣ በኤች አይ ቪ ወይም በካንሰር ሕክምና ምክንያት መከላከያው የደከመ፣ የጨጓራ አሲዱ ያነሰ ሰው ይበልጥ ይጋለጣል። ነገር ግን ምንም ያልነበረባቸው ሰዎችም ይዟቸዋል።

ምልክቱ ምንድን ነው? እንግዲህ አስቸጋሪው እዚህ ላይ ነው። ከእንብርት በላይ ድንገት የሚጀምር ከባድ ሕመም፣ ማቅለሽለሽ፣ ማስመለስ፣ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት። መግል የሚያስመልስ ሕመምተኛ ጥቂት ነው፤ ከታየ ግን ብዙ ይናገራል። የቀረው ሁሉ ተራ ጨጓራ ይመስላል፤ ትኩሳቱና የሰውየው ሁኔታ ሲቀሩ።

እ.ኤ.አ. ከ1973 እስከ 2003 ታትመው የወጡ የሕሙማን ሪፖርቶችን የገመገመ ጽሑፍ እንደሚያሳየው፣ ከሕሙማኑ 42 በመቶ ያህሉ ሞተዋል። በአንድ ቦታ የተወሰነው ዓይነት የገደለው 10 በመቶውን ሲሆን፣ የተዛመተው ግን 54 በመቶውን ነው። የሕሙማኑ ቁጥር ጥቂት ስለሆነ አኃዙን እንደ ሕግ መውሰድ አይገባም። አቅጣጫው ግን ግልጽ ነው። ሳይዛመት የተደረሰበት ሰው የመትረፍ ዕድሉ ሰፊ ነው። «ሳይቃጠል በቅጠል» ማለት እንዲህ ላለው ነው።

ጋዝ የሚሠራው ወንድሙ

የዚህ በሽታ የባሰ ዓይነት ኢምፊዚማተስ ጋስትራይቲስ ይባላል። ጀርመናዊው ሐኪም ኦይገን ፍሬንከል እ.ኤ.አ. በ1889 ጽፎበታል። እዚህ ላይ ግድግዳውን የሚወሩት እንደ ክሎስትሪዲየምና ኢ. ኮላይ ያሉ ጋዝ የሚያመነጩ ባክቴሪያዎች ናቸው። ሥጋ የሚበላ ኬሚካል የጠጣ፣ አልኮል ያዘወተረ፣ በቅርቡ የሆድ ቀዶ ሕክምና የተደረገለት፣ ስኳር ያለበት ሰው ላይ ታይቷል። በቀድሞ ሪፖርቶች ከተያዙት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ሞተዋል።

ከዚህ የምንማረው አንድ ትልቅ ነገር አለ። በጨጓራ ግድግዳ ውስጥ የሚታይ ጋዝ ሁልጊዜ ኢንፌክሽን አይደለም። ብዙ ያስመለሰ ወይም ኢንዶስኮፒ የተደረገለት ሰው ላይ አየር በተሰነጠቀ ሙኮሳ ገብቶ ያለ ብዙ ሕክምና ሊጠፋ ይችላል። በፎቶው ላይ ሁለቱ ሊመሳሰሉ ይችላሉ። ታዲያ በምን ይለያሉ? በሕመምተኛው ነው! አንደኛው ተቀምጦ ያወራል፤ ሌላኛው ትኩሳት አለው፣ ልቡ ይሮጣል፣ የደም ግፊቱ ወርዷል።

የፍሌግሞነሱም ነገር እንደዚሁ ነው። በኢንዶስኮፒ ናሙና ሲወሰድ መቆንጠጫው የሚያነሳው ብዙውን ጊዜ ከላይ ያለውን ሙኮሳ ብቻ ስለሆነ፣ ከስር ያለው መግል ሊያመልጥ ይችላል። ሲቲ ስካን የወፈረውን ግድግዳ ያሳያል፤ ነገር ግን ሲቲ የሚያዘው ሰው መጀመሪያ መጠርጠር አለበት። መጠርጠር ደግሞ ማሽን አይፈልግም።

አባ ሰንጋስ?

«ይህ ሁሉ የፈረንጅ መጽሐፍ ነው» ለሚሉ ወንድሞችና እህቶች ወደ ቤታችን እንመለስ። አባ ሰንጋን የማያውቅ ገበሬ የለም። በአገራችን ወዲያውኑ ሪፖርት መደረግ ካለባቸው በሽታዎች አንዱ ነው። ብዙ ጊዜ የምናየው በቆዳ ላይ መሐሉ የጠቆረ ቁስል ሆኖ ነው። ነገር ግን በበሽታው የሞተ ወይም ሊሞት ሲል የታረደ ከብት ሥጋ የበላ ሰው ላይ በሆድ ዕቃ በኩል ሊገባ ይችላል። በአብዛኛው አንጀትን ይጎዳል፤ ጨጓራም ላይ ሊያርፍ ይችላል። ከበላ ከ1 እስከ 7 ባሉት ቀናት ውስጥ ማቅለሽለሽ፣ ማስመለስ፣ ትኩሳትና ከባድ የሆድ ሕመም ይጀምረዋል፤ ደም ማስመለስና ደም የቀላቀለ ተቅማጥም ይከተላል። ካልታከመ በብዛት ይገድላል።

ልብ በሉ! የመጀመሪያው ቀን ምልክት «ጨጓራ» ነው። የሚለየው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ «ሰሞኑን ምን ሥጋ በሉ? ከብቱስ ታሞ ነበር?» የሚል። ጥያቄው ደግሞ ለወጉ ያህል የሚጠየቅ አይደለም፤ መድኃኒቱን ይቀይራል። እጃችን ቶሎ የሚሄድበት ሴፍትሪያክሶን ለአባ ሰንጋ አይሆንም፤ ባክቴሪያው ይቋቋመዋል። ሳይጠይቅ ጠንካራ መድኃኒት ያዘዘ ባለሙያ ሥራውን የሠራ ይመስለዋል፤ ሕመምተኛው ግን አልታከመም።

«አናየውም» ለሚሉ

አሁን ወደ ጓደኞቼ ጥያቄ ልመለስ። እውነት ነው፣ ብዙዎቻችን ተመርቀን ጤና ጣቢያ ስንመደብ ፍሌግሞነስ ጋስትራይቲስ ላናይ እንችላለን። ነገር ግን በተመሳሳይ ሕመም የሚመጡትን በእርግጠኝነት እናያለን። የተበሳ የጨጓራ ቁስለት አለ። በታይፎይድ የተበሳ አንጀት አለ። የቆሽት መቆጣት አለ። ያመረቀዘ የሐሞት ከረጢት አለ። የልብ ድካምና የልብ ደም ሥር መዘጋት እንኳ ከእንብርት በላይ በሚሰማ ሕመም ይመጣል። እነዚህ ሁሉ በካርድ ላይ በአንድ ቃል ሊጻፉ ይችላሉ፤ «ጋስትራይቲስ» ተብለው።

በተግባር ልምምድ ላይ የታዘብኩትን ልናገር። ሕመምተኛው ገብቶ ሳይቀመጥ «ጨጓራዬን ነው» ይላል። ወረፋው ረጅም ነው፣ ከውጭ ያለው ሰው በር ያንኳኳል። ባለሙያው «ስንት ጊዜህ ነው?» ይላል፤ «ቆይቷል» ይባላል፤ ማዘዣው ይጻፋል። የሙቀት መለኪያው ጠረጴዛው ላይ ነው። የሆዱ ልብስ አልተገለጠም። በሽታውን የሰየመው ሕመምተኛው ነው፤ እኛ ያደረግነው መፈረም ብቻ ነው። ይህን ስል ባለሙያዎችን ለመውቀስ አይደለም። ያን ሁሉ ሰው በአንድ ጠዋት የሚያይ ሰው ምን እንደሚሸከም አይቻለሁ። ነገር ግን የልብ ምት ለመቁጠር ግማሽ ደቂቃ፣ እጅን ሆድ ላይ ለማሳረፍ አንድ ደቂቃ ይበቃል። ይህ ደቂቃ ከሌለን ለምን ሐኪም ቤት ከፈትን?

ሌላው የሚነሳው መከራከሪያ «ብናውቀውስ ምን እናደርጋለን? ሲቲ የለን፣ ሰርጂን የለን» የሚለው ነው። ይህ አባባል ልክ አይመስለኝም። ለዚህ በሽታ በመጀመሪያው ሰዓት የሚደረገው ነገር ስሙን ማወቅ አይጠይቅም። ምግብና መጠጥ በአፍ ማቆም፣ በደም ሥር ፈሳሽ መስጠት፣ የደም ናሙና መውሰድ ከተቻለ መውሰድ፣ ብዙ ዓይነት ባክቴሪያ የሚሸፍን አንቲባዮቲክ መጀመርና ቀዶ ሕክምና ወዳለበት ሆስፒታል በቶሎ መላክ ነው። ለተበሳ ቁስለትም መንገዱ ከዚህ ብዙ አይለይም። ስሙን የሚያውቀው ሪፈራል ሆስፒታሉ ይሁን፤ ሰውየው በሕይወት እንዲደርስ የሚያደርገው ግን ጤና ጣቢያው ነው።

በተቃራኒው ደግሞ «እንግዲያውስ ሆዱን ላመመው ሁሉ አንቲባዮቲክ እንስጥ» የሚል ሰው እንዳይኖር እሰጋለሁ። በፍጹም! መድኃኒት የሚቋቋሙ ባክቴሪያዎችን ያበዛነው በዚሁ መንገድ ነው። እኔ የምለው መድኃኒቱ ይብዛ ሳይሆን ምርመራው ይቅደም ነው። ከመቶ የጨጓራ ሕመምተኞች አብዛኞቹ ዛሬም ተገቢው ሕክምና ኦሜፕራዞልና ምክር ነው። ጥያቄው የቀሩት እነማን ናቸው የሚለው ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ?

መፍትሔ ሳይጠቁሙ መተቸት የተማሪ ልማድ ነው ስለሚባል፣ ለትምህርት ክፍላችን አራት ነገሮችን ላቅርብ።

1ኛ. «ጨጓራ» የሚለውን ቃል እንደ ምልክት እንጂ እንደ በሽታ አንቁጠረው። «ራሴን አመመኝ» ላለ ሰው «ራስ» ብለን እንደማንጽፍ ሁሉ፣ «ጨጓራዬን» ላለም የት፣ መቼ፣ እንዴት ብለን እንጠይቅ።

2ኛ. በካርድ ላይ «ጋስትራይቲስ» ከመጻፉ በፊት ሙቀት፣ የልብ ምት፣ የደም ግፊትና የሆድ ምርመራ ውጤት መጻፍ በልምምድ ጊዜ ግዴታ ይሁንብን። መምህራኖቻችን ሎግቡክ ላይ ሲፈርሙልን መጀመሪያ እነዚህን አራቱን ቢያዩልን ልማዱ ከእኛ ጋር ይመረቃል።

3ኛ. አደገኛ ምልክቶቹን በቃላችን እንያዝ። ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት፣ የሚሮጥ የልብ ምት፣ የወረደ የደም ግፊት፣ እንደ እንጨት የደረቀ ሆድ፣ የማይቆም ማስመለስ፣ ደም ወይም መግል ማስመለስ፣ የደከመ መከላከያ ያለው ሰው። ከእነዚህ አንዱ ካለ «ጨጓራ ነው፣ ሂድ» የሚባል ነገር የለም። ሁሉም ሪፈር ይደረግ ማለቴ አይደለም፤ ሳይመረመርና ሳይጠበቅ ወደ ቤቱ አይመለስ ነው የምለው።

4ኛ. በወር አንድ ጊዜ በሞርኒንግ ሴሽን እምብዛም የማይገኝ አንድ በሽታ ይነሳ። ሲነሳም ለፈተና በሚመች መልኩ ሳይሆን «ይህ ሰው ጤና ጣቢያ ቢመጣ ምን እናይ ነበር? በእጃችን ባለው ምን እናደርግ ነበር?» በሚል ጥያቄ ይሁን። እንዲህ ከሆነ እምብዛም የማይገኘው በሽታ ተራውን ሕመም የምናይበት መነጽር ይሆንልናል።

ከሁሉም በላይ ግን የሕመምተኛውን ቃል በደንብ እንስማ። ለዓመታት ጨጓራ ያለባቸው እናቶቻችን ሕመማቸውን ከኛ በላይ ያውቁታል። «እማማ፣ ይኼ ሕመም የድሮው ነው ወይስ የተለየ?» ብለን ብንጠይቃቸው ይነግሩናል። «ኧረ ልጄ፣ እንዲህ ሆኖብኝ አያውቅም» ካሉን፣ ያ ቃል ከብዙ ላቦራቶሪ ይበልጣል። አበው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ። እሳቸው አልደበቁም፤ ነግረውናል። በአንድ ቃል ሸፍነን የምንደብቀው እኛ እንዳንሆን ነው ፍርሃቴ።

በሐሳቤ የማይስማማ ካለ፣ በተለይም «ጊዜ የለም» የሚለውን መከራከሪያ ከኔ በተሻለ የሚያቀርብ ካለ፣ በሚቀጥለው እትም ይጻፍበት። መወያየቱ ለሁላችንም፣ ከሁላችንም በላይ ነገ በር አንኳኩቶ ለሚገባው ሕመምተኛ ይጠቅማል።

ቸር ይግጠመን!